የተረፈች ዶሮ ምን ትመሰክራለች?
የዶሮ በሽታ የመከላከል አቅም፣ የወፍ ጉንፋንና ፈንግል፦ ዳሰሳ

ሦስት ጥያቄ በአንድ

ከጅማ በስተሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አጋሮም ሆነች በዙሪያዋ ያለው የጎማ ወረዳ ስማቸው የሚነሳው በቡና ነው። በቡናው ጥላ ሥር ግን ቀን ጭራ የምትበላ፣ ማታ ቆጥ ላይ የምታድር የሐበሻ ዶሮ የሌለበት ግቢ ጥቂት ነው። ቡናው በዓመት አንዴ ገንዘብ ያመጣል፤ በመሃሉ ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር መግዣ የሚሆነው እንቁላሉና ዶሮው ነው። ስለ እነዚህ ዶሮዎች ጤና ሲወራ ሁለት እምነቶች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው የሐበሻ ዶሮ ከፈረንጅ ዶሮ ይልቅ በሽታ ትቋቋማለች ይላል። ሁለተኛው ፈንግል የገባበት ግቢ ባዶውን ይቀራል ይላል። የጎማን የገጠር ዶሮ እርባታ የመረመረው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የ2010 የማስተርስ ጥናትም በሽታን፣ በተለይም ፈንግልን፣ ከአርቢው ዋና ዋና ችግሮች ጋር አስቀምጦታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ እምነቶች አብረው እንዴት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ?

መልሱ የሚጀምረው ሦስት ነገሮችን ከመለየት ነው። የመጀመሪያው ቫይረሱ ገብቶ እንዳይባዛ ማገድ ነው፤ ይህ በትክክል መቋቋም ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ ቢባዛም ሳይሞቱ ማለፍ ነው፤ ይህ መታገስ ነው። ሦስተኛው ቫይረሱን በኩስና በአፍ ፈሳሽ ወደ ሌሎች አለማስተላለፍ ነው። አርቢው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ዶሮዋ ተረፈች ወይም ሞተች። የበሽታውን ስርጭት የሚወስኑት ግን አንደኛውና ሦስተኛው ናቸው። የዶሮ አካል ለወፍ ጉንፋን ስለሚሰጠው ምላሽ ከመቶ ዓመት በላይ የተሰበሰበው ማስረጃ ሲጠቃለል፣ እነዚህ ሦስቱ አብረው እንደማይሄዱ፣ አንዳንዴም እንደሚቃረኑ ያሳያል። ዶሮዋን የሚያተርፈው ምላሽ መንደሩን የሚያተርፈው ላይሆን ይችላል። ይህ ልዩነት የወፍ ጉንፋን ገና ለማይታወቅባቸውና ፈንግል ለሚመላለስባቸው አካባቢዎች ያለው ትርጉም ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ የዚህ ዳሰሳ ጉዳይም እሱ ነው።

ከፔሮንቺቶ እስከ ጉብሬ

ታሪኩ የሚጀምረው በጣሊያን ነው። ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ በ1878 በሰሜን ጣሊያን ዶሮዎችን የሚጨርስ በሽታ ገልጾ ጻፈ። ቼንታኒና ሳቮኑትሲ በ1901 በሽታው ባክቴሪያ በሚያስቀር ማጣሪያ ሾልኮ በሚያልፍ ረቂቅ ነገር እንደሚተላለፍ አሳዩ። ያ ነገር ሰውን ከሚያመው ኢንፍሉዌንዛ ኤ ቤተሰብ መሆኑ ግን እስከ 1955 አልታወቀም፤ ይህን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሼፈር ነው። በዚያ ክፍተት መሃል በ1926 በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ በምልክቱ ተመሳሳይ ሌላ ወረርሽኝ ተነሳ። ዶይል በ1927 ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ መሆናቸውን ለየ። እኛ ፈንግል የምንለው ያንን ሁለተኛውን፣ የኒውካስል በሽታን ነው። ሁለቱን ለመለየት ያን ያህል ጊዜ የወሰደው የሳይንቲስቶቹ ድክመት አይደለም፤ በዓይን ብቻ ሲታዩ በእርግጥም ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ዶሮዋ ትጠወልጋለች፣ መተንፈስ ያቅታታል፣ ያስቀምጣታል፣ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ ሬሳዋ ሲከፈትም የሆድ ዕቃዋ ላይ የደም ነጠብጣብ ይታያል።

ዶሮ በሽታን እንዴት እንደምትከላከል ያለን ዕውቀት መሠረቱ የተጣለው በሌላ መንገድ ነው። ከዶሮ የኩስ መውጫ በላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች፤ በጣሊያናዊው የአካል አጥኚ ስም የፋብሪሲየስ ከረጢት ትባላለች። ሥራዋ ምን እንደሆነ ለዘመናት አልታወቀም ነበር። ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ በ1956 ባወጡት ጽሑፍ፣ በጫጩትነታቸው ከረጢቷ የተወገደባቸው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል ማምረት እንደሚያቅታቸው አሳዩ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ነጭ የደም ሕዋሳት ዛሬ በሰውም ሕክምና ሳይቀር «ቢ ሴል» ተብለው የሚጠሩት ከዚህች ከረጢት የመጀመሪያ ፊደል ተነስቶ ነው። ይህ ግኝት በኋላ ስለምንመለስበት ስለ ጋምቦሮ በሽታ ብዙ ያስረዳል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ፈንግል ለመጀመሪያ ጊዜ በላቦራቶሪ የተመዘገበው በ1971፣ ያኔ የኢትዮጵያ አካል በነበረችው አስመራ ውስጥ ነው። በ1964 የተቋቋመውና ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ክትባቱን ለዓመታት ሲያመርት ቆይቷል። የወፍ ጉንፋን ስጋት የመጣው ዘግይቶ ነው። ኤች5ኤን1 በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን አሞ 6ቱን ገደለ፤ በየካቲት 2006 ናይጄሪያና ግብፅ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ሱዳንና ጅቡቲ ውስጥም ተገኘ። በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ወልቂጤ አቅራቢያ፣ በጉብሬ የዶሮ ማባዣ ማዕከል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሞቱ። ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አረጋገጠ። ውጤቱ እስኪታወቅ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፣ ዋጋ ወደቀ፣ ዶሮ ሻጩ ከነዶሮው ተመለሰ። ጉብሬ ያስተማረችው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ዶሮ በየጊዜው በጅምላ በሚሞትበት አገር አዲሱን በሽታ ከለመዱት መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከሰዓታት ጋር የሚደረግ ሽቅድምድም

የወፍ ጉንፋን ቫይረሶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በላያቸው ያለው ሄማግሉቲኒን የተባለው ፕሮቲን ሕዋስ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ በሌላ ኢንዛይም መቆረጥ አለበት። ቀላል በሆኑት ዝርያዎች የሚቆርጡት ኢንዛይሞች በብዛት የሚገኙት በመተንፈሻ አካልና በአንጀት ብቻ ስለሆነ ኢንፌክሽኑ እዚያው ይወሰናል። ኃይለኛ በሆኑት የኤች5ና የኤች7 ዝርያዎች መቆረጫው ቦታ ተቀይሮ፣ በመላው አካል የሚገኘው ፊዩሪን የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ስለዚህ ቫይረሱ በደም ሥሮች ሽፋን፣ በልብ፣ በአንጎልና በቆሽት ይባዛል። ዶሮዋ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ትሞታለች። ፀረ እንግዳ አካል በበቂ መጠን ለማምረት ግን ሳምንት ገደማ ያስፈልጋታል። ቀድማ ያልተከተበች ወይም ያልተጋለጠች ዶሮ መዳኗን የሚወስነው እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው።

እዚህ ላይ የመስኩ ታዋቂ ክርክር ይነሳል። ብዙ ዓይነት ዳክዬ ዶሮን በሚገድለው ቫይረስ ሳይታመም ይኖራል። ለምን? በ2010 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት አሳማኝ መልስ ሰጠ፦ ዳክዬ የቫይረስ አርኤንኤን ለይቶ ማንቂያ የሚያሰማ ሪግ-አይ የተባለ ፕሮቲን አላት፤ ዶሮ ግን ጂኑን በዝግመተ ለውጥ አጥታዋለች። የዳክዬው ጂን በዶሮ ሕዋሳት ውስጥ ሲገባ ኢንተርፌሮን የተባለው ፀረ ቫይረስ መልእክት ጨመረ፣ የቫይረሱ መጠንም ቀነሰ። ሥዕሉ ግልጽ መሰለ፦ ዶሮ የምትሞተው ማንቂያ ስለሌላት ነው። ይሁን እንጂ ዶሮ ኤምዲኤ5 የተባለ ሌላ ለይቶ አዋቂ እንዳላትና ኢንተርፌሮንም እንደምታመርት ታወቀ፤ በኃይለኛው ቫይረስ የተያዙ ዶሮዎች ውስጥ የብግነት መልእክቶች ከመጠን በላይ ከፍ ብለው የተገኙባቸው ጥናቶችም ብዙ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ጀርመን ውስጥ ሪግ-አይና አጋዡ ጂን በሕይወት ባሉ ዶሮዎች ተመልሰው ሲገቡ ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ሆነ፦ በኤች7ኤን1 ሲያዙ ብግነታቸው በረታ፣ ሕመማቸው ከበደ፣ ሞታቸውም ጨመረ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የዶሮን ምላሽ «ደካማ» ወይም «ብርቱ» ብሎ መፈረጅ እንደማያዋጣ ነው። ሕዋስ ውስጥ ቫይረስን የሚቀንስ ምላሽ በሙሉ አካል ውስጥ ሕብረ ሕዋስ ሊያወድም ይችላል። በዶሮ ሞት ውስጥ የቫይረሱ ቀጥተኛ ውድመት ድርሻ ስንት ነው? የራሷ ብግነትስ ስንት ነው? ይህ እስካሁን አከራካሪ ነው። ለመለየትም አስቸጋሪ ነው፤ ቫይረሱ በበዛ ቁጥር ብግነቱም ስለሚበዛ አንዱ የሌላው መንስኤ ይሁን ውጤት ከመለኪያው ብቻ አይታወቅም። የዳክዬዋ ብልጫ ምላሹን ቶሎ አስነስታ ቶሎ ማብረዷ ሳይሆን አይቀርም የሚለው አመለካከት ዛሬ ሚዛን ይደፋል። ዳክዬዋ ግን ከላይ ከለየናቸው ሦስቱ የምታሟላው አንዱን ብቻ ነው፤ ትታገሳለች። ቫይረሱን እያራባች ወደ ውኃ ትለቃለች፤ ዶሮውም የሚያዘው ከዚያ ነው።

ፀረ እንግዳ አካልና ድምፁን ያጠፋው ቫይረስ

ቀድማ የተጋለጠች ዶሮ ሁለት መሣሪያ ታገኛለች። አንዱ የቫይረሱን ሄማግሉቲኒን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ከሞት በደንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ጠባብ ነው፤ ኤች5ን የሚይዘው ኤች9ን አይይዝም፣ ቫይረሱ ቅርጹን ሲቀይርም ያመልጠዋል። ሌላው የታመመን ሕዋስ የሚገድሉት ቲ ሴሎች ናቸው። እነዚህ የሚያነጣጥሩት ብዙ ጊዜ ከዝርያ ዝርያ በማይለዋወጡ የቫይረሱ የውስጥ ክፍሎች ላይ ስለሆነ ሰፋ ያለ ጥበቃ ይሰጣሉ።

የዚህ ስፋት ዋጋ የታየው በሆንግ ኮንግ ነው። በ1997 ገበያው ውስጥ ገዳዩ ኤች5ኤን1 እየተዘዋወረ ሳለ ብዙ ዶሮዎች ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ሴዎና ዌብስተር በ2001 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን መረመሩ። ቀላል በሆነው ኤች9ኤን2 ቀድመው የተያዙ ዶሮዎች ኤች5ኤን1 ሲሰጣቸው አልሞቱም፤ ጥበቃው የመጣው ከፀረ እንግዳ አካል ሳይሆን ከቲ ሴሎች ነበር። ዶሮዎቹ ግን ቫይረሱን በኩሳቸው ማስወጣታቸውን አላቆሙም። ከአርቢው አንጻር ይህ ድል ነው። ከገበያው፣ ከገዢውና ከጎረቤት አንጻር ግን አደጋው በጤነኛ ላባ ተሸፍኖ አለፈ። በዚህ መስክ ካሉት ማስረጃዎች ሁሉ በመዳንና ባለማስተላለፍ መካከል ያለውን ልዩነት እንደዚህ አጉልቶ ያሳየ የለም።

ዘር ምን ያህል ይወስናል?

«የሐበሻ ዶሮ ትቋቋማለች» የሚለው እምነት የዘር ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ የወፍ ጉንፋን ጥናት ተስፋ የሰጡና ያሳዘኑ ግኝቶች የተፈራረቁበት ነው። በ2002 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤምኤክስ በተባለው የዶሮ ጂን ውስጥ በ631ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ ልዩነት ቫይረስን የሚያግድና የማያግድ ዓይነት እንደሚፈጥር ገለጹ። የአገር ውስጥ ዝርያዎችን በዚህ መለኪያ የሚፈትሹ ጥናቶች በብዙ አገሮች ተከተሉ። በኋላ ግን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ውጤቱን ማግኘት አልቻሉም፤ በሕይወት ባሉ ዶሮዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም የተደበላለቀ መልስ ሰጡ። የታይላንዱ ታሪክም ይመሳሰላል። ከኤች5ኤን1 ወረርሽኝ የተረፉ ዶሮዎች ሲመረመሩ ከመከላከያ ጂኖች ስብስብ ዓይነቶች መካከል ቢ21 የተባለው ጎልቶ ተገኘባቸው፤ በ2010 በቁጥጥር ሥር የተደረገ ሙከራ ግን ያንን ግንኙነት አላገኘም። የትኛው ነው ትክክል ብሎ ከመፍረድ በፊት አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ከወረርሽኝ በኋላ የተገኘች ዶሮ ቫይረሱን አሸንፋ ይሁን፣ ጥቂት መጠን ደርሷት ይሁን ወይም ጨርሶ ሳያገኛት ቀርቶ፣ ከደሟ ብቻ አይታወቅም።

የኢትዮጵያ ማስረጃ በዋናነት የመጣው ከወፍ ጉንፋን ሳይሆን ከሌሎች በሽታዎች ነው፤ የሚያስተምረው ግን ብዙ ነው። ከምዕራብ ኦሮሚያ የሆሮ፣ ከምሥራቅ ሐረርጌ የጃርሶ ዶሮዎችን ዘረመል የመረመረውና በ2016 የታተመው ጥናት፣ ለጋምቦሮ፣ ለማሬክና ለሌሎች በሽታዎች የሚታየው የፀረ እንግዳ አካል መጠን በከፊል በዘር እንደሚወረስ አሳየ። «የሐበሻ ዶሮ» ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሁለቱ ወገኖች በዘረመላቸው የተለያዩ መሆናቸውንም አጎላ። ይበልጥ የሚያስገርመው በ2015 ወንድምነህ እሳቱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ነው። የአገር በቀል ዶሮዎች ያለ ክትባትና ያለ ኢንፌክሽን በደማቸው የሚገኘው ተፈጥሯዊ ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ያለ ነው፤ በተዘጋ ቤት ሲረቡ ግን ያ ከፍታ ከሞት አደጋ መጨመር ጋር ተያያዘ። በአንድ አካባቢ የጤና ምልክት የሚመስል መለኪያ በሌላ አካባቢ የአደጋ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ጂንን በቀጥታ የማረም መንገድም ተሞክሯል። ቫይረሱ በዶሮ ሕዋስ ውስጥ ለመባዛት ኤኤንፒ32ኤ የተባለ ፕሮቲን እንደሚያስፈልገው በ2016 ታወቀ። በ2023 የስኮትላንዱ ሮዝሊን ኢንስቲትዩትና አጋሮቹ ያን ጂን አርመው ዶሮ አረቡ። በተለመደው መጠን ቫይረስ ሲሰጣቸው ከ10ሩ 9ኙ አልተያዙም። መጠኑ 1,000 እጥፍ ሲጨመር ግን ግማሾቹ ተያዙ፤ ቫይረሱም ተለውጦ ተዛማጅ ፕሮቲኖችን መጠቀም ጀመረ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የደመደሙት አንድ ጂን ማረም እንደማይበቃ ነው። ይህ ለወደፊቱ ተስፋ ነው፤ ርካሹ የፈንግል ክትባት ባልደረሰበት ወረዳ ግን የጂን አርትዖትን መጠበቅ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው።

ከረጢቷን የሚያፈርሰው በሽታ

የላቦራቶሪ ዶሮ አንድ ቫይረስ ብቻ ይሰጣታል። የጎማ ዶሮ ግን የውስጥ ጥገኛ ትላትል፣ ኮክሲዲያ፣ የዶሮ ኮሌራና ጋምቦሮ በአንድ ላይ ይጠብቋታል። ከእነዚህ ለበሽታ መከላከል ጥያቄ ወሳኙ ጋምቦሮ ነው፤ ቫይረሱ የሚያጠቃው ግሊክ ያጠናትን ያችኑ የፋብሪሲየስ ከረጢት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተያዘች ጫጩት ብትተርፍ እንኳ ፀረ እንግዳ አካል የማምረት አቅሟ ለዕድሜ ልኳ ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣት የፈንግል ክትባትም ላይሠራ ይችላል። ጋምቦሮ ኢትዮጵያ ውስጥ የታወቀው በ2002 በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) አካባቢ የንግድ እርባታ ውስጥ ነው። ከዓመታት በኋላ በምሥራቅ ሸዋ ገበያዎች በተወሰደ የደም ናሙና ከ10 የሐበሻ ዶሮዎች 9ኙ ገደማ የጋምቦሮ ፀረ እንግዳ አካል ሲገኝባቸው፣ የፈንግል የተገኘባቸው ግን ከ10 አንድ አይሞሉም ነበር።

ይህ የቁጥር ልዩነት በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል። አንደኛው ፈንግል በአካባቢው ብዙ አልተዘዋወረም የሚል ነው። ሁለተኛው ፈንግል የያዛቸው አብዛኞቹ ሞተዋል፣ ገበያ የደረሱት ያልተነኩት ናቸው የሚል ነው። ሁለቱም አብረው ሊሆኑ ይችላሉ። በየትኛውም ንባብ ግን ውጤቱ አንድ ነው፦ የመንደሩ ዶሮዎች ለሚቀጥለው ወረርሽኝ ባዶ እጃቸውን ናቸው። የሐበሻ ዶሮ ፈንግልን በዘሯ ትቋቋማለች ለሚል ሰው በተለይ ሁለተኛው ንባብ ከባድ ተቃራኒ ማስረጃ ነው። ጠንካራ የሚያሰኛት የለመደችው ነገር ነው፤ ራሷን መመገብ፣ ጭልፊትን መሸሽ፣ ጫጩት ማሳደግ። ከአዲስ ኃይለኛ ቫይረስ ጋር ሲሆን ግን ይህ ሁሉ አይጠቅማትም።

ይከተብ ወይስ ይወገድ?

በዓለም ደረጃ ያለው ክርክር የወፍ ጉንፋን ሲገባ ዶሮውን ማስወገድ ይሻላል ወይስ መከተብ የሚል ነው። ለማስወገድ የሚከራከሩት የሚያነሱት ማስረጃ ጠንካራ ነው። ሜክሲኮ ከ1995 ጀምሮ ለኤች5ኤን2 ከተበች፤ በ2004 የወጣ ጥናት ቫይረሱ ከክትባቱ እየራቀ መሄዱን አሳየ። ግብፅ ከ2006 ጀምሮ ብትከትብም በሽታው ሰፍሮ ቀረ። በሌላ በሽታ፣ በማሬክ፣ ላይ በ2015 የታተመ ሙከራ ደግሞ ሞትን እንጂ ስርጭትን የማያቆም ክትባት ገዳይ የሆኑት የቫይረሱ ዓይነቶች እንዲዘዋወሩ ዕድሜ እንደሚሰጣቸው አመለከተ። የንግድ ጉዳይም አለ፤ ፈረንሳይ በጥቅምት 2023 ዳክዬዎቿን መከተብ ስትጀምር አሜሪካ የፈረንሳይ ዶሮ ነክ ምርት እንዳይገባ ገደብ ጣለች።

ለክትባት የሚከራከሩት ደግሞ የቻይናን ውጤት ይጠቅሳሉ። በመስከረም 2017 ለኤች5ና ለኤች7 የሚሆን ጥምር ክትባት በመላ አገሪቱ ከተሰጠ በኋላ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲያጠቃ የነበረው ኤች7ኤን9 በሰው ላይ ወደ ጥቂት አጋጣሚዎች ወረደ። ፈረንሳይም ከከተበች በኋላ ወረርሽኙ በእጅጉ ቀንሶላታል። ማስረጃው ሲመዘን ልዩነቱ ያለው በክትባቱ ስም ሳይሆን በአሠራሩ ነው፤ ክትባቱ ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር መቀራረቡ፣ ለአብዛኛው መንጋ መዳረሱ፣ ያልተከተቡ ጠቋሚ ዶሮዎች በመንጋው መሃል መቀመጣቸው፣ ናሙና ያለማቋረጥ መወሰዱ። እነዚህ ባልተሟሉበት የወፍ ጉንፋን ክትባት የሆንግ ኮንግን ገበያ በሰው እጅ መድገም ይሆናል። ቫይረሱ ላልታየበት የጅማ አካባቢ አሁን የወፍ ጉንፋን ክትባት ማምጣት ትርጉም የለውም የምለው ለዚህ ነው።

ለጎማ ዶሮዎች ይህ ሁሉ ምን ማለት ነው?

የዳሰሳው ማስረጃ ወደ አንድ ሐሳብ ያመራል፦ እንደ አጋሮ ባለ አካባቢ ለወፍ ጉንፋን የሚደረገው የመጀመሪያው ዝግጅት የፈንግል ክትባት ነው። ምክንያቱ ክትባቱ ከጉንፋን ያድናል ማለት አይደለም፤ አያድንም፤ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቫይረሶች ናቸው። ምክንያቱ ፈንግል በየዓመቱ በሚመላለስበት መንደር የጅምላ ሞት ዜና አለመሆኑ ነው። አርቢው ይለምደዋል፣ የቀሩትን ዶሮዎች ቶሎ ወደ ገበያ ያወጣል፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አይናገርም። በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እግራቸው ታስሮ ከአጋሮ ወደ ጅማ በሚጫኑት ዶሮዎች መካከል ኢንፍሉዌንዛ ቢኖር ማን ይለየዋል? ፈንግል በክትባት ሲቀንስ ግን ድንገተኛ ሞት እንደገና ምልክት ይሆናል። ከጉሮሮና ከኩስ መውጫ የተወሰደ ናሙናም በዚሁ በጅማ መንገድ ጫፍ፣ ሰበታ ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለመላክ ምክንያት ይኖራል።

መሣሪያውም አለ። አይ-2 የተባለው ሙቀት ቻይ የፈንግል ክትባት የተገኘው አውስትራሊያ ውስጥ ለገጠር ዶሮ ታስቦ ሲሆን ቢሾፍቱም ይመረታል። አሰጣጡ ቀላል ነው፦ የዶሮዋን ራስ ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ይዞ አንዲት ጠብታ ዓይኗ ላይ መጣል፣ ዓይኗን እስክታርገበግብ ድረስ አለመልቀቅ፣ በአራት ወር አካባቢ መድገም። ጠብታዋ ከዓይን ወደ አፍንጫዋ ወርዳ በዚያ ያለውን የመከላከያ ሕብረ ሕዋስ ታነቃቃለች፤ ቫይረሱ የሚገባውም በዚያው ስለሆነ መንገዱ ትክክለኛ ነው። ችግሩ ከሳይንሱ ይልቅ በብልቃጡ ነው፤ አንዱ ለመቶና ከዚያም በላይ ለሆነ ዶሮ ይበቃል፣ ከተበጠበጠ በኋላም ቶሎ ማለቅ አለበት፣ አንድ ግቢ ያለው ግን ጥቂት ዶሮ ነው። ስለዚህ ክትባቱ የአንድ ቤት ሳይሆን በቀበሌ ቀን ተቆርጦለት የሚሠራ ሥራ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሳል። የመጀመሪያው የፈንግል ክትባትም ከሞት እንጂ ከማስተላለፍ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ ስለዚህ ያው የመሸፋፈን ችግር አለው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ውጤቱ ግን እኩል አይደለም። ፈንግል ቀድሞውኑ በመንደሩ የሰፈረና ሰውን ቢይዝ እንኳ ከቀላል የዓይን መቅላት ብዙም የማያልፍ ነው፤ ተሸፍኖ የሚዘዋወር ኢንፍሉዌንዛ ግን ለሰው ሕይወት ያሰጋል። ሁለተኛው ክትባቱ የማይሠራባቸው ዶሮዎች ስለሚኖሩ ሞቱ ምልክትነቱን ያጣል የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ጋምቦሮን አብሮ ማሰብና ከተከተቡት ዶሮዎች ጥቂቶቹን ደም እየወሰዱ መፈተሽ ነው፤ ምልክት ፍጹም ባይሆንም ከሌለበት ይሻላል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከበሽታ መከላከል ሳይንሱ ይመጣል። ሕያው የፈንግል ቫይረስ ዶሮዋ ውስጥ እያለ ኢንፍሉዌንዛ ቢገባ የሁለተኛው መባዛት ሊዘገይ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ይህ ክትባቱን ለመተው ሳይሆን፣ ከክትባት ቀጥሎ ባሉት ቀናት የሚወሰድ ናሙና በጥንቃቄ እንዲነበብ የሚያስገድድ ነው።

ገና ያልተፈቱት

ሦስት ጥያቄዎች ክፍት ናቸው። አንደኛ፣ የዶሮ ሞት ከቫይረሱ ነው ወይስ ከራሷ ብግነት የሚለው ካልተፈታ፣ ለዝርያ ማሻሻያ ብርቱ ምላሽ ይመረጥ ወይስ የተመጠነ ምላሽ አይታወቅም፤ የሪግ-አይ ሙከራ ብርቱው ሁልጊዜ እንደማይሻል አስጠንቅቋል። ሁለተኛ፣ በቲ ሴል የሚገኘው ሰፊ ጥበቃ ቫይረስ ማስወጣትን እስከ መጨረሻው እንዲያቆም ማድረግ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይህ ከተቻለ የመዳንና ያለማስተላለፍ ልዩነት ይጠባል። ሦስተኛው የእኛው ነው። በጅማው የቦዬ ረግረግም ሆነ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቫይረሱን ሊያመጡ የሚችሉ የውኃ አዕዋፍ ይሰበሰባሉ፤ ቫይረሱ ቢመጣ ግን የሆሮና የጃርሶ ጥናት ለሌሎች በሽታዎች ያሳየው ልዩነት ለኢንፍሉዌንዛ ይኑር አይኑር ሊታወቅ የሚችለው በጥብቅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቫይረሱን በታወቀ መጠን በመስጠት እንጂ የተረፉትን በመቁጠር አይደለም።

እስከዚያው ማስረጃው የሚደግፈው አቋም መጠነኛ ነው። የሐበሻ ዶሮ ለብዙ ነገር ጠንካራ ናት፤ ለኃይለኛ የወፍ ጉንፋን ግን ተቋቋሚ ናት የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ ታግሳ ብትተርፍ ደግሞ ያ በራሱ መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። ዝርያ አሻሻዩ፣ ክትባት አምራቹና የወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ሥራቸውን ሲመዝኑ የተረፉትን ዶሮዎች ብቻ ከቆጠሩ ከጥያቄው ሲሶውን መልሰዋል። የቀረውን የሚመልሰው በሕይወት ያለችው ዶሮ ምን እያስወጣች እንደሆነ የሚነግረው ናሙና ነው፤ ለዚያ ናሙና ቦታ የሚያስገኘው ደግሞ በቅድሚያ ፈንግልን መቀነስ ነው።